እትዬ አስካለች ኮምፒውተር አይዘጉም

አትደንግጡ፣ አልሞቱም። እኛ አገር አንድ ሰው «የማልረሳቸው እትዬ እገሊት» ብሎ ከጀመረ ሰሚው ወዲያው «ነፍስ ይማር» ሊል አፉን ያዘጋጃል። እትዬ አስካለች በሕይወት አሉ፤ እዚሁ ቦንጋ፣ ምናልባትም ይህን በምጽፍበት ሰዓት ጓሯቸው ውስጥ ከእንሰታቸው ጋር እየተጨቃጨቁ ነው። የወጡት ጡረታ ነው። መዝገብ ቤት ያለው ወንበራቸው ግን ባዶ ነው፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ማስገባት አልተውኩም። ወላሂ፣ አንድ ቀን «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» ብዬ ለወንበሩ ሰላምታ ሰጥቻለሁ።

እኔ ሙራድ እባላለሁ፤ የዞኑ ጤና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አባቴ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል፤ ወንድሞቼም እንዲሁ። ከቤታችን ከባንኮኒ ጀርባ ወጥቶ ኪቦርድ የያዘ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዲግሪዬን ይዤ የተቀጠርኩ ሰሞን አንገቴ አይዞርም ነበር። በከፋ ምድር ከእኔ ወዲያ ኮምፒውተር አዋቂ ያለ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ያስተነፈሱኝ ሃምሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ማውስ የያዙ ሴት ናቸው።

እትዬ አስካለች አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሲስቁ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው የሚመቱ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት በጽሕፈት መኪና ነው። ሲቆጥሩ በካፊኖኖ ነው የሚቆጥሩት፤ «በአማርኛ ስቆጥር ይሳሳትብኛል» ይላሉ። ከየት መጣ የማይባል ወረቀት ወይም ፋይል ካጋጠማቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሕፃን እንደሚጠይቁ ሁሉ «አንተስ የማን ነህ?» ይሉታል። የማን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ ነገር ጥለው አያውቁም።

ሌላው ጠባያቸው ኮምፒውተራቸውን አለመዝጋት ነው።

ቦንጋ ዝናቧ እንደምታውቁት ነው፤ ዝናብ ከመጣ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ከየጠረጴዛው ሥር ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ዩፒኤስ ማለት እኛ ቤት ለአሥር ደቂቃ ያህል መብራት የሚያበድር ሣጥን ነው። ያኔ መሥሪያ ቤቱን ማየት ነበረባችሁ! «ሴቭ! ሴቭ አድርጉ!» የሚል፣ ወንበር የሚጥል፣ ሻይ የሚደፋ፣ ከሽንት ቤት የሚሮጥ አለ። እትዬ አስካለች ግን የኮምፒውተሩን ማብሪያ በሌባ ጣታቸው አንዴ ጫን ያደርጉና «በል ተኛ የኔ ልጅ» ብለው፣ ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ ቀስ ብለው ይወጣሉ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ማብሪያ ይጫናሉ፤ ከፍተውት የነበረው ሁሉ እንደነበረ ብቅ ይላል። ጠቋሚዋ ሳትቀር ካቆሙባት ቃል ላይ ትጠብቃቸዋለች።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር እኮ መዘጋት አለበት» አልኳቸው አንድ ቀን፣ በባለሙያ ድምፅ።

«ለምን?»

«ማረፍ አለበት።»

«ያርፋል እንጂ፤ ድርግም ብሎ ነው የሚተኛው። አየህ ሙራድ፣ በጽሕፈት መኪና ዘመን ምሳ ስንወጣ ወረቀቱን ከመኪናው አንነቅልም ነበር። ከነቀልከው ስትመለስ መስመሩን አታገኘውም፤ ስለዚህ የሰው መኪና ላይ ያለ ወረቀት የነካ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ጽሑፍማ ማንም ያስቀምጣል። ችግሩ የደረሱበትን ማስቀመጡ ላይ ነው።»

እኔም በልቤ «ምስኪን» አልኩ። አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

በዚያ ሰሞን አንዲት ዘነበች የምትባል ሴት ከቢታ ገነት እየተመላለሰች ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሻሿን እስከ ጆሮዋ ድረስ ዝቅ አድርጋ የምታስር፣ ስታወራ ደግሞ በየመሐሉ ይበልጥ ወደ ታች የምትጎትት ሴት ናት። አባቷ ወልደማርያም በድሮ ጊዜ በየቀበሌው እየዞረ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሠራተኛ ነበር፤ የሞተው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። በኋላ ቤታቸው ተቃጠለና የነበረችው አንዲት ፎቶ አብራ ነደደች። ዘነበች የአባቷን መልክ አታውቀውም። እናቷም ስትጠየቅ «ጥሩ ሰው ነበር» ከማለት በቀር መልክ መናገር አይሆንላትም።

አንድ ቀን ሰው «የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ የግል ማኅደር ይኖረዋል፤ ማኅደር ላይ ደግሞ ፎቶ አይጠፋም» አላት። ይህን ሰምታ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዛ፣ እትዬ አስካለች ዘንድ መጣች።

«ማሩን መልሺው» አሏት እትዬ። «መጀመሪያ አባትሽ ይገኝ፤ ከዚያ ማሩን ራሴ እጠይቅሻለሁ።»

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የድሮዎቹ መዝገቦች መሥሪያ ቤቱ ቦታ ሲቀይር በፎቶ ተነሥተው ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል፤ የየገጹ ስም ግን ቁጥር ብቻ ነው። ወልደማርያም የሚል ስም ያለባቸው ገጾች ደግሞ አርባ ደረሱ። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ማኅደር ለማውጣት ትክክለኛውን ወልደማርያም መለየት ያስፈልጋል። እትዬ አስካለች አርባውንም ገጽ በአርባ መስኮት ከፈቷቸው። ከዚያ በሥራ መሐል፣ በትርፍ ሰዓታቸው፣ አንዱን ከቅጥር ዘመኑ፣ ሌላውን ከወረዳው፣ ሌላውን ከዝውውሩ ጋር እያመሳከሩ፣ ያልሆነውን ገጽ ይዘጉታል። አርባው ሠላሳ ሆነ፤ ሠላሳው ሃያ ሆነ። ስንት ሳምንት! በየመሐሉ መብራት ይሄዳል፤ እሳቸው «በል ተኛ» ይሉታል፤ ሲነቃ የቀሩት ገጾች እንደ ቀሩ ይመጣሉ።

«የዘጉትን ለምን አይመዘግቡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምስር ስትለቅም የጠጠሩን ዝርዝር ትጽፋለህ?» አሉና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

በዚህ መሐል የእትዬ ኮምፒውተር ዲስክ ሞላ። ቀይ መስመር አወጣ፤ «ቦታ የለኝም» እያለ ይነዘንዛል። አለቃችን «ሙራድ፣ አንድ በለው» አለኝ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ሳሉ ገብቼ አንድ የተደበቀ ፋይል አገኘሁ፤ ከሦስት ጊጋ በላይ ይዞ ጥጉን ተኝቷል። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ጎረምሳ «ይህ የሃይበርኔት ፋይል ነው፤ ቦታ መብላት ብቻ ነው ሥራው፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ገላግሉት» ሲል አይቻለሁ። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ፋይሉ ጠፋ፤ ሦስት ጊጋ ተለቀቀ። ለአለቃችን «ጨርሻለሁ» አልኩ። ለእትዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ምን ይረዱታል ብዬ!

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ዝናቡ መጣ፤ መብራት ሄደ፤ ዩፒኤሱ ይጮኽ ጀመር። እትዬ ማብሪያውን ጫን አደረጉ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ «በል ተኛ» ብለው ጃንጥላቸውን አነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሙራድ፣ ዛሬ መብራቷ ለምን ትጠቅሳለች?»

አየሁ። የኮምፒውተሩ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ቀን ሙሉ በሙሉ ነበር የምትጠፋው። ነገሩ ገባኝ። ሃይበርኔቱን ስላጠፋሁት ማሽኑ የገባው ስሊፕ ውስጥ ነው። ስሊፕ ማለት የከፈትከውን ሁሉ ሜሞሪው ላይ እንደያዘ ማሸለብ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት ሁሉን ይረሳል። ሃይበርኔት ግን ሜሞሪው ላይ ያለውን ሙሉውን ዲስኩ ላይ ጽፎ ነው የሚጠፋው፤ ገመዱን ነቅለህ ወር ብታስቀምጠው ግድ የለውም። ያ ቦታ በላተኛ ያልኩት ፋይል ለዚህ የተከለለ ቦታ ነበር። የሜሞሪው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር እሱም ከፍ ይላል እንጂ ያለ ሥራ የተኛ ነገር አልነበረም።

አሥር ደቂቃ ነበረኝ። «እትዬ፣ ይመለሱ፣ አንቅተነው የቀሩትን ገጾች ቁጥር እንጻፍ» ብል ኖሮ አለቀ ነበር። አፍሬ አልተናገርኩም። «ምንም አይደል እትዬ፣ አዲስ አሠራር ነው» አልኳቸው። ሄዱ። ዩፒኤሱ ትንሽ ጮኸ፣ ደከመው፣ ዝም አለ። መብራቷም ጠፋች።

ከምሳ በኋላ መብራት መጣ። እትዬ ማብሪያውን ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ገና ዛሬ እንደተወለደ ሁሉ «እንኳን ደኅና መጡ» ብሎ ባዶ ገጹን አሳያቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጣቶቻቸውን እያጠፉ በካፊኖኖ ቆጠሩና ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ሰባት ነበር የቀሩት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁ። «ይህ ሥራ የማን ነው?»

«የእኔ ነው እትዬ» አልኩ። ሁሉንም አፈረጥኩት፤ የመብራቷን ጥቅሻ አውቄ ዝም ማለቴን ሳይቀር። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወንበርህን ይዘህ ና» አሉኝ።

ያንለት ሃይበርኔቱን መልሼ አበራሁት፤ ማብሪያውም ሲጫኑት ወደዚያው እንዲወስድ አስተካከልኩ። «ግን እትዬ፣ ቦታው አሁንም ጠባብ ነው፤ ይህ ፋይል…» ከማለቴ አቋረጡኝ።

«ጓሮዬ ውስጥ የቆጮ ጉድጓድ አለኝ። ቅጠል ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖት ተቀምጧል። የማያውቅ ሰው ሲያየው “እትዬ፣ ይህን ቦታ ለምን ጎመን አይዘሩበትም?” ይለኛል። ጎመኑን ሌላ ቦታ ነዋ የምዘራው! ና፣ ጎመኑን እንፈልግ።»

ፋይል በፋይል ማየት ጀመርን። «አንተስ የማን ነህ? የበጀት ነህ፤ ተቀመጥ። አንተስ?» እያሉ ሲወርዱ አንድ ትልቅ ፎልደር ላይ ቆሙ። አሥራ ዘጠኝ ጊጋ! ስሙ «ልዩ ልዩ» ይላል። ከፈቱት። የኮሪያ ተከታታይ ፊልም፣ ከክፍል አንድ እስከ ክፍል ስልሳ አራት።

«ይህስ የማን ነው?»

«የ… የእኔ ነው እትዬ። የእርስዎ ማሽን ፈጣን ስለሆነ ለጊዜው ብዬ…»

ጠረጴዛውን ሲመቱት ከጎረቤት ክፍል ሰው ደንግጦ መጣ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እግዚኦ! የራሱን ከብት በእኔ ጓሮ አሰማርቶ የእኔን ጉድጓድ ይደፍናል! ኧረ ተው፣ አንተ ልጅ!» እኔም ከእፍረቴ ጋር ሳቄ መጣ፤ ምን ላድርግ? ፊልሙን ወደ ራሴ ፍላሽ አዛወርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከመዛወሩ በፊት ክፍል ስልሳን እሳቸው ሰረቅ አድርገው ሳያዩት አልቀሩም፤ «ልጅቷ መጨረሻ ላይ ማንን አገባች?» ብለው ከሳምንት በኋላ ጠይቀውኛል።

ቅጣቴ ሐሙስ መጣ። ዘነበች ጣሳዋን ይዛ ስትገባ እትዬ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ራሱ ይነግርሻል» አሏት። ነገርኳት። ሰባት ቀርተው እንደነበር፣ አሁን አርባ እንደሆኑ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። ሻሿን ወደ ታች ጎተተች፤ መሬት መሬት አየች።

«ወንድሜ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩ ሴት ነኝ። ትንሽ ብጨምር ምን እሆናለሁ?» ማሯን ይዛ ወደ መኪና ተራ ሄደች። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ ከእትዬ ጎን ቁጭ አልኩ። መልቀም ተማርኩ። የድሮ እጅ ጽሑፍ ማንበብ፣ የጸሐፊውን ስንፍና ከቀለሙ ማወቅ፣ «ይህ የሺሺንዳው ጸሐፊ ነው፣ ይህ የዋጫው ነው» ብሎ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንዱን ገጽ ቸኩዬ ልዘጋ ስል እጄን ቸብ ያደርጉኛል፤ «ሳትጠይቀው? የማን እንደሆነ ሳትጠይቀው?» ይሉኛል። አርባው ሃያ ሆነ፤ ሃያው አሥር። መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ። መብራቷ መጥቀሷን ትታ ድርግም ብላ ስትጠፋ ሁለታችንም ተያይተን እፎይ እንላለን።

ሰኔ ግን አለቀ፤ እትዬም ጡረታቸው ደረሰ። የመጨረሻዋ ዓርብ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ የርክክብ ቅጹን ይዞ መጣ። ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ማተሚያ አንድ እያለ ቆጥሮ ኮምፒውተሩ ላይ ደረሰ።

«እትዬ፣ ሥራዎትን ዘጋግተው፣ ማሽኑን አጥፍተው ያስረክቡኝ።»

«እሺ» አሉና ማብሪያውን ጫን አደረጉ። ጠፋ። «በል ተኛ» አሉት፤ ድምፃቸው ትንሽ ቀጠነ። ሰውዬው ገመዱን ነቀለ፣ መለያ ለጠፈ፣ ፈረመ። ቅዳሜና እሁድን ማሽኑ ያለ ገመድ ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

ሰኞ «ሰው እስኪቀጠር አንተ ያዘው» ተባልኩ። ገመዱን ሰካሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጥቂት አሰበና ነቃ። ሦስት ገጽ! ከአርባው የቀሩት ሦስት ወልደማርያሞች፣ እትዬ ዓርብ እንዳስቀመጧቸው ጎን ለጎን ተደርድረው ይጠብቁኛል። ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት የማስታወሻ ገጽ ክፍት ነች፤ «ሙራድ፣ የመጀመሪያውን ከዝውውር መዝገቡ ጋር አመሳክረው፣ ሁለተኛውን» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ሳይጨርሱት ነው የሄዱት።

ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ዓረፍተ ነገሩን እኮ አልጨረሱትም!»

«አንተ ጨርሰው» አሉኝ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል።

ረቡዕ ጠዋት ጨረስኩት። የመጀመሪያውም ሦስተኛውም አልነበሩም፤ ዘጋኋቸው። ሁለተኛው ግን ወረዳውም፣ ዓመቱም፣ የርጭት ሥራውም ገጠመ፤ የማኅደሩም ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል። ወደ መጋዘን ከመግባቴ በፊት እንደገና ደወልኩ።

«ስማኝ» አሉ እትዬ። «ፎቶው ከላይ፣ በቀኝ ጥግ ነው የሚሆነው። ማኅደሩን ስትከፍት መዳፍህን እዚያ ላይ ጫን። ቤተሰብ የሚለውን ብቻ አንብብ። ፊቱን አንተ አታየውም፤ እኔም አላየውም። መጀመሪያ የምታየው ልጁ ናት።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። አቧራው እያስነጠሰኝ፣ ቀኝ ጥጉን በመዳፌ ሸፍኜ፣ በግራ ጣቴ መስመሩን ተከትዬ ወረድኩ። «የልጆች ስም፦ ዘነበች፣ ዕድሜ አንድ ዓመት።» መጋዘን ውስጥ ብቻዬን «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሐሙስ ዘነበች መጣች። እትዬም ከጓሯቸው በቀጥታ፣ ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ እንዳጠለቁ ደረሱ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ መዝገብ ቤቱ በሰው ሞላ። ዘነበች ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማኅደሩን ፊት ለፊቷ ዘረጋሁና መዳፌን አነሣሁ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሻሿን ፈታችው። ጆሮዎቿ ወጡ፤ ትላልቅ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያሉ፣ እንደ ድስት ጆሮ ወደ ውጭ የወጡ ጆሮዎች። ጎንበስ ብዬ ፎቶውን አየሁ። የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ፣ ኮስተር ሊል ሞክሮ ያልሆነለት፣ ከግራና ከቀኝ እነዚያው ጆሮዎች።

«የእሱ ናቸው!» አለች ዘነበች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። «ሰው ሁሉ ከየት አመጣሻቸው ሲለኝ… የእሱ ናቸው! የአባቴ ናቸው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እትዬ አስካለች ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ፎቶውን ስካን አድርጌ በትልቁ አተምኩላት፤ ዋናው በማኅደሩ ቀረ። ዘነበች ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አሁንስ?» አለች። «አሁንማ ወዲህ በይው!» አሏት እትዬ። ሻሿን መልሳ አላሰረችም፤ እንደዚያው ራሷን ገልጣ ወደ መኪና ተራው ወረደች።

እትዬ ማሩን ታቅፈው ሊወጡ ሲሉ በሩ ጋ ዞር አሉ። ስክሪኑ ላይ ያችው አንዲት የቀረች፣ የዘነበች አባት ገጽ ክፍት ነች።

«በል ሙራድ» አሉኝ፣ «አሁን ኮምፒውተሩን ዝጋው።»

ዘጋሁት።